ነቀርሳና መሳዮቹ

ቋንቋችን ለሐኪም አስቸጋሪ የሆኑ ሁለት ቃላት አሉት። አንደኛው «ዕጢ» የሚለው ነው። ዕጢ ስንል በተፈጥሮ የተሰጠንን፣ ላብና ምራቅ ወይም ሌላ ፈሳሽ የሚያመነጨውን ጤነኛ አካል ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ ያለ ቦታው የበቀለውን እብጠት ማለታችንም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው «ነቀርሳ» ነው። የሳንባ ነቀርሳ ስንል በትንፋሽ የሚተላለፈውን፣ ለወራት በሚወሰድ መድኃኒት የሚድነውን በሽታ ማለታችን ሲሆን፣ የጡት ወይም የማሕፀን ነቀርሳ ስንል ግን ካንሰርን ማለታችን ነው። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ስም መጥራታቸው የሚያስወቅሳቸው አይመስለኝም፤ ሁለቱም ሰውን ከውስጥ እየበሉ ያከሳሉ። የተማርሁባቸው ሩሲያውያንም ካንሰርን «ራክ» ይሉታል፤ ራክ በወንዞቻቸው የሚገኝ፣ ቀቅለው ከቢራ ጋር የሚበሉት ባለ መቆንጠጫ ፍጥረት ስምም ነው። ሕዝብ በሽታን የሚሰይመው መልኩን አይቶ ነው። የእኔ ሙያ ደግሞ መልክን አይቶ በመልክ አለመታለል ነው፤ እኔም አንድ ጊዜ በክፉ ሁኔታ ተታልያለሁ።

ፓቶሎጂስት ነኝ። ሕመምተኛውን አላየውም፤ ከሰውነቱ የተቆረጠችው ቁራጭ ሥጋ ናት ወደ እኔ የምትመጣው። ያቺ ቁራጭ በፎርማሊን ትጠነክራለች፣ በሰም ትሞላለች፣ ከፀጉር እጅግ በቀጠነ ልጣጭ ተልጣ በመስታወት ስላይድ ላይ ትነጠፋለች፣ ከዚያም በሁለት ቀለም ትነከራለች። ከመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ የሚገኘው ሄማቶክሲሊን የሕዋሱን አስኳል ሰማያዊ ሲያደርገው፣ ኢዮሲን የሚባለው ቀሪውን ሮዝ ያደርገዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሰማያዊና ሮዝ ብቻ እያየን ነው «ይህ ካንሰር ነው፣ ይህ አይደለም» ስንል የኖርነው። ከዚህ ቀጥሎ የምተርከው በፕሮስቴት ላይ ይህን ፍርድ ለመስጠት የተደረገውን ጥረት ታሪክ ነው። የታሪኩ ሁለት ትልልቅ ምዕራፎች የተጻፉት ዛሬ በምኖርባት በሲያትል ከተማ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

በ1987 ሕክምና ልማር ወደ ሌኒንግራድ ስሄድ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ሌኒንግራድ ገብቼ ከሴንት ፒተርስበርግ ወጣሁ፤ ከተማዋ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ስሟም መንግሥቷም ተለወጡ፤ የአገሬም መንግሥት እንዲሁ። በ1996 የፓቶሎጂ ትምህርቴን ጨርሼ ተመለስሁና ከአዲስ አበባ ውጭ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ተመደብሁ። የጠበቀኝ ማይክሮስኮፕ ቢዮላም የሚባለው፣ ሌኒንግራድ ውስጥ በሎሞ ፋብሪካ የተሠራው ነበር። ከአንድ ከተማ የመጣን ሁለት ስደተኞች ሆነን ተገናኘን።

በ1998 ክረምት መግቢያ ላይ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አንድ ገበሬ ሽንታቸው ተዘግቶባቸው በቃሬዛ መጡ። ቀዶ ሐኪሙ ፊኛቸውን ከፍቶ ያበጠውን ፕሮስቴት አወጣላቸውና በማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ፎርማሊን ጨምሮ ላከልኝ። ስምንት ስላይድ ሠራሁ። ሰባቱ የሚያሳዩት ዕድሜ የገፉ ወንዶችን የሚያጋጥመውን ተራ የፕሮስቴት ማበጥ ነበር። በስምንተኛው ጥግ ላይ ግን ከሽምብራ ፍሬ የማትበልጥ፣ ትናንሽ ዕጢዎች የተፋፈጉባት አንዲት ክብ ስፍራ አየሁ። ዕጢዎቹ እርስ በርስ ሊነካኩ ደርሰዋል፤ ግድግዳቸው የአንድ ረድፍ ሕዋስ ግድግዳ ይመስላል። ሁለት ቀን መላልሼ አየኋቸው። የማማክረው ሰው አልነበረም፤ ስልኩም ቢሆን ስላይድ አያሳይም። በሦስተኛው ቀን «የፕሮስቴት ካንሰር፣ መልኩ ከጤነኛው ብዙ ያልራቀ» ብዬ ጻፍሁ።

ውጤቱን ሊወስድ የመጣው የሰውዬው ልጅ ነበር። ወረቀቱን ይዞ ለትንሽ ጊዜ ቆመና ጠየቀኝ።

«ዶክተር፣ የአባቴ ነገር ዕጢ ብቻ ነው ወይስ ነቀርሳ ነው?»

«ነቀርሳ ነው» አልሁት።

ፊቱ በራ። «እንግዲያስ መድኃኒቱን ይወስዳላ! ጎረቤታችን ስምንት ወር ወስዶ ድኖ የለም እንዴ?»

የትኛው ነቀርሳ እንደሆነ ላስረዳው ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ የሆነው በዚያ ዘመን የሚደረገው ነው። ቻርልስ ሀጊንስ የተባለው የቺካጎ ሐኪም በ1941 እንዳሳየው የፕሮስቴት ካንሰር የሚመገበው ከወንዴ የዘር ፍሬ በሚመነጨው ሆርሞን ነው፤ ሆርሞኑን ማቋረጥ በሽታውን ያኮስሰዋል። ለዚህ ሥራው በ1966 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ሆርሞኑን በመርፌ ማቋረጥ ውድ ነው፤ ፍሬዎቹን በቢላዋ ማውጣት ርካሽ ነው፤ ከሁለት ቀን መንገድ የመጣ ገበሬ ደግሞ ለክትትል ይመለሳል ተብሎ አይታመንም። ቀዶ ሐኪሙ በጎ ሰው ነበር፤ ያደረገው እኔ በጻፍሁት ላይ ተመሥርቶ ነው። ለሽማግሌው የሚደረገውን ሲነግራቸው «በሬ የሚኮላሸው እንዲሰባ ነው፤ እኔን ለምንድን ነው?» ብለው እንደጠየቁት የነገረኝ ማታ ሻይ ስንጠጣ ነበር። ሁለታችንም አልሳቅንም።

ያን ጊዜ ያላየሁት ምን እንደሆነ ለማስረዳት የዕጢውን አሠራር መግለጽ አለብኝ። ጤነኛ የፕሮስቴት ዕጢ ሁለት ግድግዳ እንዳለው ቤት ነው። በውስጥ በኩል ፈሳሽ የሚያመነጩ ረጃጅም ሕዋሳት ይሰለፋሉ። ከእነርሱ ጀርባ፣ በውጭ በኩል፣ ጠፍጣፋና ቀጫጭን የሆኑ ሌሎች ሕዋሳት ተደግፈዋቸው ይገኛሉ፤ እነዚህን የመሠረት ሕዋሳት ልበላቸው። ካንሰር የዕጢን ቅርጽ መሥራት ይችላል፤ አንዳንዴ ቆንጆ አድርጎም ይሠራል፤ መሠረቱን ግን አይጥልም። የመሠረት ሕዋሳት የሌሉት ዕጢ እንግዲህ የካንሰር ዕጢ ነው ለማለት ይቻላል። ችግሩ እነዚህ ሕዋሳት በሰማያዊና በሮዝ ሲታዩ ከአጠገባቸው ካሉት የድጋፍ ሕዋሳት ብዙ አለመለየታቸው ነው። አንዳንዴ አሉ፣ አይታዩም። አንዳንዴ የሉም፣ ያሉ ይመስላሉ።

የፕሮስቴት ካንሰር በማይክሮስኮፕ ታይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው በ1853 ነው፤ የለንደን ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ጆን አዳምስ ነው የገለጸው፤ እጅግ ብርቅ የሆነ በሽታ ነው ብሎም ጽፏል። ብርቅ ያስመሰለው አለመፈለጉ ነበር። በ1935 አርኖልድ ሪች የተባለው የጆንስ ሆፕኪንስ ፓቶሎጂስት በሌላ ምክንያት የሞቱ ወንዶችን አስከሬን ሲመረምር፣ ሳይታወቅ የኖረ ትንሽ ካንሰር በብዙዎቹ ፕሮስቴት ውስጥ እንዳለ አሳየ። ብዙ ሰው ከካንሰሩ ጋር ኖሮ በሌላ በሽታ ይሞታል ማለት ነው። ዛሬ ድረስ ሐኪሞችን የሚያከራክረው፣ ምርመራው ለማን ይደረግ የሚለው ጥያቄ የመነጨው ከዚህ ነው።

ከዚያ ዶናልድ ግሊሰን መጣ። ግሊሰን በሚኒያፖሊስ የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታል ፓቶሎጂስት ነበር። በ1966 ባሳተመው ጥናት ሕዋሱን አንድ በአንድ ከመመርመር ይልቅ ራቅ ብሎ የዕጢዎቹን አሰፋፈር መመልከት ይበቃል አለ፤ መንደርን ከኮረብታ ላይ ሆኖ እንደማየት ነው። አሰፋፈሩን ከአንድ እስከ አምስት በሥዕል ደረጃ ሰጠው። ሥዕሉ እስከ ዛሬ በየቢሯችን ግድግዳ ላይ አለ፤ በዓለም ላይ የፕሮስቴት ካንሰር የያዘው ሰው ሁሉ ወረቀት ላይ የግሊሰን ስም አለበት። ሰውዬው በ2008 እስኪሞት ድረስ ይህ ሲሆን አይቷል። ለእኔ ታሪክ የሚጠቅመው ግን የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ደረጃ አንድ ብሎ የሳላቸው ክብ፣ የተፋፈጉ፣ ዳርቻቸው የተስተካከለ ዕጢዎች ናቸው። የመሠረት ሕዋሳትን የሚያሳይ ማቅለሚያ ከተገኘ በኋላ እነዚህን ዕጢዎች መለስ ብለው የመረመሩ ሰዎች አብዛኞቹ ካንሰር እንዳልነበሩ ተረዱ። ዛሬ ስማቸው አዴኖሲስ ነው፤ የማይገድል፣ የማይዛመት፣ ምንም ሕክምና የማይፈልግ የዕጢዎች መፋፈግ። ደረጃ አንድን ዛሬ ማንም አይጽፍም ማለት ይቻላል። ታላቁ ግሊሰን ራሱ በሥዕሉ የመጀመሪያ ሣጥን ውስጥ መሳዩን ከካንሰሩ ጋር አስቀምጦት ነበር ማለት ነው። ይህን ሳነብ ትንሽ ተጽናንቻለሁ፤ መጽናናቴም አሳፍሮኛል።

መሳዮቹ አዴኖሲስ ብቻ አይደሉም። በዕድሜ የከሳና የተጨማደደ ዕጢ ውሃ እንዳጣ ማሳ ስለሚሰባበር ካንሰር ይመስላል። መርፌው ከፕሮስቴት አልፎ የዘር ፈሳሽ ከረጢትን ሲወጋ የሚወጡት ሕዋሳት አስኳላቸው ትልቅና ጥቁር፣ ለጀማሪ የሚያስፈራ ነው፤ በውስጣቸው ያለውን ወርቅማ ቡናማ ብናኝ ያስተዋለ ግን ይረጋጋል። እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሌላኛው ነው፤ ግራኑሎማ የሚሠራው የፕሮስቴት ብግነት። በጣት ሲዳሰስ እንደ ካንሰር ደንዳና ነው፤ ፒ.ኤስ.ኤ የሚባለውን የደም ምርመራ ከፍ ያደርጋል፤ በማይክሮስኮፕም ሲታይ ሕዋሳቱ እንደ ክፉ ካንሰር ተበትነው ይገኛሉ። ከመንሥኤዎቹ አንዱ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ነው። ያ ወጣት ያደባለቃቸው ሁለቱ ነቀርሳዎች በእርግጥም በአንድ ዕጢ ውስጥ እየተመሳሰሉ ሰውን ያሳስታሉ። በሲያትል የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ፕሮስቴት ብዙ አይገጥመኝም፤ የሚገጥመኝ የእሱ የአጎት ልጅ ነው። ለፊኛ ካንሰር ቢሲጂ የሚባለው፣ እኛ በሕፃንነታችን ክንዳችን ላይ ተወግተነው ጠባሳው የቀረብን ክትባት፣ በፊኛ ውስጥ ይጨመራል፤ ሕክምናው ከ1976 ጀምሮ የታወቀ ነው። ክትባቱ ወደ ፕሮስቴት ይሻገርና ግራኑሎማ ይተክላል። የሰውዬው ታሪክ ካልተነገረኝ ልሳሳት እችላለሁ።

ይህ ሁሉ የበለጠ የከበደው በ1980ዎቹ ነው። የፒ.ኤስ.ኤ ምርመራ በአሜሪካ በ1986 ለታወቀ ካንሰር መከታተያ፣ በ1994 ደግሞ ለመፈለጊያ ተፈቀደ። በ1989 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት በአልትራሳውንድ እየተመሩ ስድስት ቦታ በመርፌ መውሰድን አስተማረ። ከዚያ ወዲህ ወደ እኛ የሚመጣው እንደ ገበሬው ሙሉ ፕሮስቴት ሳይሆን ወፍራም ክር የመሰለ፣ አንድ ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያለው ሥጋ ሆነ። በዚያ ክር ውስጥ አምስት ወይም ስድስት አጠራጣሪ ዕጢዎች ብቻ ሊገኙ ይችላሉ። በአምስት ዕጢ ላይ ነው የአንድ ሰው ቀሪ ሕይወት የሚወሰነው።

የመጀመሪያው መፍትሔ ግን ቀድሞ ተሠርቶ ነበር፤ የሠሩትም ፕሮስቴትን እያሰቡ አይደለም። በ1975 ኮለርና ሚልስታይን በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ አንድን አንቲቦዲ ብቻ ሳይለዋወጥ የሚያመርቱ የአይጥ ሕዋሳትን መፍጠር ቻሉ። አንቲቦዲ ሰውነት እንግዳ ነገርን ለይቶ እንዲይዝ የሚያመርተው ነው፤ በፈለግነው ነገር ላይ የሚለጠፍ አንቲቦዲ ካገኘንና ቀለም ካንጠለጠልንበት፣ የማይታየውን እንዲታይ ማድረግ እንችላለን። በ1982 በሲያትል በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የፓቶሎጂ ክፍል አለን ጋውንና አርተር ቮግል የተባሉ ሁለት ሰዎች ከሰው ቆዳ የላይኛው፣ የሞተው ንብርብር የወጣ ኬራቲን ወስደው አይጥ ወጉበት። ኬራቲን ጥፍርና ፀጉር የሚሠሩበት ፕሮቲን ነው። ካገኟቸው አንቲቦዲዎች አንዱን 34 ቤታ ኢ 12 ብለው መዘገቡት። ይህ አንቲቦዲ በሰው አካላት ላይ ሲሞከር በፕሮስቴት ውስጥ ረጃጅሞቹን ሕዋሳት ትቶ የመሠረት ሕዋሳትን ብቻ ያቀላል። በ1985 ማይክል ብራወርና ባልደረቦቹ በስታንፎርድ ይህ ማቅለሚያ በካንሰር ዕጢዎች ዙሪያ ጨርሶ እንደማይታይ አሳተሙ፤ ብራወር ኋላ ራሱ ወደ ሲያትል መጥቶ ሠርቷል። በ1989 የጆንስ ሆፕኪንሶቹ ሄድሪክና ኤፕስታይን ለዕለት ሥራ እንዴት እንደሚጠቅም አሳዩ።

ልብ በሉ፤ ማቅለሚያው ካንሰሩን አያሳይም። የሚያሳየው መሠረቱን ነው። ጤነኛው ዕጢ ዙሪያውን ቡናማ ቀለበት ያጠልቃል፤ ካንሰሩ ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚፈርደው በሌለ ነገር ላይ ነው፤ በሌለ ነገር መፍረድ ደግሞ አደገኛ ነው። ቀለሙ የጠፋው መሠረቱ ስለሌለ ነው ወይስ ሥጋው በፎርማሊን ውስጥ ብዙ ቀን ቆይቶ ስለተበላሸ? አዴኖሲስ መሠረቱ የተቆራረጠ ነው፤ አንዱ ዕጢ ቀለበት ሲኖረው ጎረቤቱ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ አንድን ዕጢ ሳይሆን ማኅበሩን ማየት ያስፈልጋል። በ2000 በቦስተን ፒ 63 የሚባለው፣ የእነዚሁኑ ሕዋሳት አስኳል የሚያቀላ ምልክት ተገልጾ ቀለበቱ ሁለት ምስክር አገኘ፤ ሁለቱም ግን ስላለመኖር የሚመሰክሩ ናቸው።

ስለ መኖር የሚመሰክረው ምልክት የተገኘው በዚያው በ2000፣ እንደገና በሲያትል ነው። ኮሪክሳ የሚባል በ1994 የተመሠረተ ኩባንያ እዚህ ነበር፤ በ2005 ግላክሶስሚዝክላይን ገዝቶታል። በዚያ የሚሠሩት ጂያንግቹን ሹና ስቲቨን ሪድ ከባልደረቦቻቸው ጋር ለካንሰር ክትባት የሚሆን ዒላማ ሲፈልጉ በፕሮስቴት ካንሰር ውስጥ የሚሠሩትን ጂኖች ሁሉ ሰበሰቡና ጤነኛ አካላት ውስጥ የሚሠሩትን ቀነሱላቸው። ከቅናሹ ከተረፉት አንዱን ፒ 504 ኤስ አሉት። ነገሩ አዲስ አልነበረም፤ ከከብት ሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ የምናገኛቸውን አንዳንድ የስብ ዓይነቶች ለማቃጠል የሚረዳ ራሴሜዝ የሚባል ኢንዛይም ሆኖ ተገኘ። በ2001 የማሳቹሴትስ ፓቶሎጂስቶች አንቲቦዲውን በብዙ ስላይድ ላይ ሞክረው የካንሰር ዕጢዎች እንደሚደምቁ፣ ጤነኞቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደሚፈዙ አሳዩ። (ይህን ባስረዳሁበት ቤት ሁሉ የቤቱ እመቤት ቅቤ ይተው እንደሆነ ትጠይቀኛለች። ካንሰሩ ኢንዛይሙን ያበዛል ማለት ቅቤው ካንሰሩን አመጣ ማለት አይደለም።)

ኮሪክሳን ያነሣሁት ለሌላም ምክንያት ነው። ሪድና ባልደረቦቹ ከካንሰር ጎን ለጎን የሚደክሙት በሳንባ ነቀርሳና እኛ በሑመራና በመተማ ቆላ በምናውቀው በካላዛር ላይ ነበር። በዚያ ቤት ከተጀመረ የፕሮቲን ውህድ የመጣው ኤም 72 የሚባለው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት በ2024 ሦስተኛውን የሰው ሙከራ ጀምሯል። ነቀርሳ የሚለውን ቃላችንን በሁለቱም ትርጉሙ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚመረምሩ ሰዎች ነበሩ። ያ ገበሬ ልጅ ጥያቄውን እዚያ ቢያቀርብ ኖሮ «የትኛው?» የሚለው ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር።

ዛሬ ሦስቱ አንቲቦዲዎች በአንድ ስላይድ ላይ አብረው ይፈሳሉ፤ መሠረቱ ቡናማ፣ ራሴሜዙ ቀይ ይሆናል። ቀይ ሆኖ ቀለበት የሌለው ካንሰር ነው፤ ቀለበት ኖሮት ያልቀላው አይደለም። ሁልጊዜ እንዲህ ቢሆን ኖሮ እኔን የሚቀጥረኝ አይገኝም ነበር። አንዳንድ አዴኖሲስ ቀይ ይሆናል። አንዳንድ ካንሰር አይቀላም። ከሁሉ የሚከፋው ኔፍሮጄኒክ አዴኖማ የሚባለው፣ በሽንት ቧንቧ ውስጥ የሚበቅል ፍጹም ሰላማዊ ነገር ነው፤ ይቀላል፣ ቀለበትም የለውም፤ በሁለቱም ምስክር ካንሰር ነው ተብሎ ይፈረድበታል። እሱን የሚያድነው ዱሮ በሰማያዊና በሮዝ ማየት የለመደ ዓይን ነው።

መመሳሰል የሚያሳስተው በመስታወት ላይ ብቻም አይደለም። በሲያትልና በአካባቢው ባሉ 13 አውራጃዎች የሚገኝ የካንሰር ሕመምተኛ ሁሉ ከ1974 ጀምሮ በመዝገብ ይሰፍራል። በአሜሪካ ጥቁር ወንዶች በፕሮስቴት ካንሰር የሚሞቱት ከነጮች በእጥፍ ያህል ስለሆነ፣ ለምርመራ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ታክሲ ነጂ ይህ ቁጥር ይነገረዋል። በመዝገቡ የዘር ዓምድ ላይ ግን ከጎንደር ትናንት የመጣው ሰውና ቅድመ አያቶቹ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት ተጭነው የመጡት ሰው በአንድ ቃል ነው የሚገቡት። አዲስ አበባ የራሷን የካንሰር መዝገብ የጀመረችው በ2011 ነው፤ የእኛን ነገር የሚነግረን እንዲያ ያለው መዝገብ ሲያረጅ ነው።

ወደ ስምንተኛው ስላይድ ልመለስ። ወደ አሜሪካ የመጣሁት በ2001 ነው፤ ስፔሻላይዜሽኔን ከሀ ጀምሬ ደገምሁት። በሻንጣዬ ለማስተማሪያ ብዬ ያስቀመጥኋቸው፣ ስም የሌለባቸው፣ ቁጥር ብቻ በእርሳስ የተጻፈባቸው ጥቂት ስላይዶች ነበሩ። በ2004 አንድ ምሽት ስለ አዴኖሲስ ሳነብ በመጽሐፉ ላይ ያለውን ፎቶግራፍ አወቅሁት። የማውቀውን ሰው መንገድ ላይ ያየሁ ያህል ነበር። በማግሥቱ ስላይዱን ለላቦራቶሪዋ ሠራተኛ ሰጠኋትና የምፈልገውን ነገርኋት። ሌላ ቁራጭ ስለሌለ የድሮውን ቀለም አጥቦ በቦታው አንቲቦዲውን ማፍሰስ ብቻ ነበር መንገዱ። «የመጀመሪያው ቀለም አይመለስም» አለችኝ። አንድ ፎቶግራፍ አነሣሁና ፈቀድሁ።

በአራተኛው ቀን መጣልኝ። መጀመሪያ ያየሁት አጠገቡ ያሉትን ጤነኛ ዕጢዎች ነው፤ ቡናማ ቀለበታቸውን አጥልቀዋል፤ በማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ የከረመው ሥጋ አልተበላሸም ማለት ነው። ከዚያ መስታወቱን ወደ ጥጉ ገፋሁት። በሽምብራዋ ስፍራ ውስጥ፣ በተፋፈጉት ዕጢዎች ዙሪያ፣ ቀለበቱ እዚህ ተቆርጦ፣ እዚያ ቀጥሎ፣ አንዱ ዕጢ ላይ ሦስት ነጥብ፣ ሌላው ላይ ግማሽ ክብ ሆኖ ይታይ ነበር። መሠረቱ አለ። አንቲቦዲው የተሠራው እኔ ያንን ወረቀት ከመጻፌ ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት፣ አሁን ከተቀመጥሁበት ወንበር በመኪና ጥቂት ደቂቃ በሚያስኬድ ሕንፃ ውስጥ ነበር።

ቀዶ ሐኪሙን በስልክ ለማግኘት አንድ ዓመት ፈጀብኝ፤ እሱም አገር ለቆ ነበር። ነገርሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ሽማግሌው ከቀዶ ሕክምናው በአራተኛው ዓመት በሳንባ ምች እንደሞቱ፣ ልጃቸው መጥቶ እንደነገረው፣ ቤተ ሰቡ ግን የገደላቸው ነቀርሳው ነው ብሎ እንደቀበራቸው አጫወተኝ። «ተወው እንግዲህ» አለኝ። «አሁን ለማን ይጠቅማል?»

ለልጁ ደብዳቤ ጀመርሁ። ሦስት ጊዜ ጻፍሁት፤ በሦስቱም «አባትህ ነቀርሳ አልነበረባቸውም፤ ያኔ እንደጠየቅኸኝ ዕጢ ብቻ ነበር» ከሚለው አላለፈም። ደብዳቤውን አልላክሁትም። ስላይዱ ከፎቶግራፉ ጋር በመሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ በእርሳስ የጻፍሁት ቁጥር በዚያ ሁሉ መታጠብ ውስጥ አልፎ አልጠፋም።